ግርሻ ነው ወይስ ልክፍት? ከስቴሮይድ በፊት ሰገራን ስለ መመርመር



ቁስለታማ የትልቁ አንጀት ብግነት ወይም የክሮን በሽታ ያለበት ሰው ለወራት ደኅና ሆኖ ከቆየ በኋላ ደም የቀላቀለ ተቅማጥና ቁርጠት ሲይዘው፣ በሽተኛውም ሐኪሙም አስቀድመው የሚሉት «አገረሸ» ነው፡፡ ግምቱ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ይሁን እንጂ ሺጌላ፣ ሳልሞኔላ፣ ካምፒሎባክተርና አሜባም የሚያሳዩት ምልክት ይኸው ነው፡፡ በምልክት ብቻ መለየት ስለማይቻል ሰገራው ሊመረመር ይገባል፡፡

የስሕተቱ ዋጋ ከባድ ነው፡፡ ለግርሻ የሚታዘዘው ፕሬድኒሶሎን የሰውነትን መከላከያ ያዳክማል፡፡ በአሜባ የቆሰለ አንጀት ይህ መድኃኒት ሲሰጠው ሊበሳና በሽተኛው ሊሞት ይችላል፡፡ ስትሮንጂሎይደስ የተባለውም ትል፣ ያለ ጉልህ ምልክት ለዓመታት ኖሮ፣ በስቴሮይድ ምክንያት ተባዝቶ በመላ ሰውነት ሊሰራጭ ይችላል፡፡ ሁለቱም በኢትዮጵያ የሚገኙ እንደ መሆናቸው ጉዳዩ የሩቅ አይደለም፡፡

እ.ኤ.አ. በ1978 የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ለሚያስከትለው ብርቱ የአንጀት ብግነት ምክንያት መሆኑ የታወቀው ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል፣ ብግነት ያለበትን አንጀት መድኃኒቱ ሳይወሰድም ሊያጠቃ ይችላል፡፡ ስለሆነም ከካልቸርና ከማይክሮስኮፕ ምርመራ ጋር የዚህ ባክቴሪያ መርዝ መፈለግ አለበት፡፡

ማይክሮስኮፑም ቢሆን ጥንቃቄ ይሻል፡፡ ተንቀሳቃሹ አሜባ ቶሎ ስለሚሞት ቀጭን ሰገራ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሊታይ ይገባል፤ «ሳይደርቅ በርጥቡ» የሚለው ብሂል እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል፡፡ ቀይ የደም ሕዋስ የዋጠ አሜባ ሲታይ ጥርጣሬው ይጠነክራል፡፡ ይሁንና በብግነት ጊዜ የሚፈልሱት ትልልቅ የመከላከያ ሕዋሳትም ደም ስለሚውጡ አሜባ ሊመስሉ ይችላሉ፡፡ የሽፍን አሜባ መታየትም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ጉዳት የማያደርሰው ኤንታሜባ ዲስፓር በመልኩ ከጎጂው አይለይምና፡፡ እንዲህ ያለው ስሕተት ደግሞ የብግነት በሽተኛውን ለተደጋጋሚ የአሜባ መድኃኒት ዳርጎ እውነተኛውን ሕክምና ያዘገይበታል፡፡ በአንጻሩ በአንድ ናሙና አለመታየቱ የለም አያሰኝም፤ ናሙናው ሊደገም ይገባል፡፡

ይህ ሁሉ ማለት ግን በብርቱ ለታመመው ሰው ሕክምና ውጤት እስኪመጣ ይቆይ ማለት አይደለም፡፡ ናሙናው በዕለቱ ይወሰዳል፤ ሕክምናውም በሐኪሙ ፍርድ ይጀመራል፤ ውጤቱ ሲደርስ ይታረማል፡፡ በደም ሥር የተሰጠው ስቴሮይድ በሦስተኛው ቀን ገደማ ለውጥ ካላሳየ፣ ሳይቶሜጋሎ የተባለው ቫይረስ እንዳለ ለማወቅ ከአንጀቱ ቁራሽ ሥጋ ተወስዶ ይመረመራል፡፡

እንግዲህ ሐኪሙ በመጠየቂያው ወረቀት ላይ የበሽተኛውን ነባር ሕመምና የሚወስደውን መድኃኒት ይጻፍ፤ የላቦራቶሪው ባለሙያም ያየውን ለይቶ ይግለጽ፡፡ ለበሽተኛው መዳን የሁለቱ መነጋገር ታላቅ ድርሻ አለው፡፡