ልጅ ሲለካ ይማራል
በሚዛን ተፈሪ አካባቢ ለሚኖሩ ቡና አምራች ወላጆች የተደረገ ንግግር



ዛሬ ስለ ልጆቻችን ትምህርት እንነጋገራለን። የምንነጋገረው ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ሳይንስንና ምህንድስናን እንዴት እንደሚማሩ ነው።

ሳይንስ ምንድን ነው? ብዙዎቻችን ሳይንስ ሲባል በመጽሐፍ ውስጥ ያለ ከባድ ቃል ይመስለናል። ልጁ ቃሉን ያጠናል፤ ፈተናውን ያልፋል፤ ከዚያ ይረሳዋል። ይህ ብቻውን ሳይንስ አይሆንም። ሳይንስ ማለት መጠየቅ፣ መሞከር፣ መለካትና የታየውን መጻፍ ነው።

ምህንድስናስ ምንድን ነው? ችግርን አይቶ፣ ችግሩን የሚያቃልል ነገር አስቦ መሥራት ነው። የተሠራው ነገር አልሆን ሲል ምክንያቱን ፈልጎ ማረም ነው። ከእናንተ መካከል ቀፎ የሚሠራ ሰው ይህን ያውቃል። ንብ ያልገባችበትን ቀፎ ዝም ብሎ አይጥለውም። ያወርደዋል፤ ይመረምረዋል፤ አስተካክሎ መልሶ ይሰቅለዋል።

ታዲያ ልጆቻችን በምን ይማሩ? «ትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ የለውም» የሚል ሰው አለ። ቤተ ሙከራ ቢኖር መልካም ነው። ባይኖርም ሥራው አይቆምም። በጓሯችን ቡና አለ፤ እንጨት አለ፤ ገመድ አለ፤ ውሃ አለ። በእነዚህ እንጀምር።

የመጀመሪያው ሥራ ሚዛን መሥራት ነው። ከተማችንን ሚዛን እያልን እንጠራት የለ? እስቲ ልጆቻችንም ሚዛን ይሥሩ።

ልጁ አንድ ክንድ የሚሆን ጠንካራና ቀጥ ያለ እንጨት ይቁረጥ። ከዚያ የእንጨቱን መሐል ይፈልግ። እንዴት ያገኘዋል? በእንጨቱ ርዝመት ልክ ገመድ ይቆርጣል፤ ገመዱን ለሁለት ያጥፈዋል። እጥፋቱ መሐሉን ያሳየዋል። እንጨቱን መሐሉ ላይ አስሮ ያንጠልጥለው። በሁለቱ ጫፎች እኩል የሆኑ ሁለት ትናንሽ ቅርጫቶች ይሰር። ቅርጫቶቹ ባዶ ሳሉ እንጨቱ ካዘነበለ የተሳሳተ ነገር አለ ማለት ነው። ልጁ ስህተቱን ራሱ ፈልጎ ያርም። አትሥሩለት፤ ተዉት ይሞክር።

መመዘኛ ድንጋይስ ከየት ይምጣ? ከውሃ ይመጣል። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ይመዝናል። ግማሽ ሊትር ውሃ ደግሞ ግማሽ ኪሎ ነው። ስለዚህ በግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ሞልቶ በአንዱ ቅርጫት ያስቀምጥ። የጠርሙሱ ክብደት እንዳያሳስት፣ ተመሳሳይ ባዶ ጠርሙስ በሌላው ቅርጫት ይጨምር። አሁን ቡና መመዘን ይችላል።

አንድ ቁም ነገር ልንገራችሁ። ሚዛን ይዋሻል። የሚዛኑ አንዱ ክንድ ከሌላው ከረዘመ፣ በረጅሙ በኩል ያለው ቀላል ነገር ከባዱን ያነሣል። ውሸቱ እንዴት ይታወቃል? ቡናውና ድንጋዩ እኩል ሲሆኑ ቦታቸውን አለዋውጡ። በግራ የነበረው ወደ ቀኝ፣ በቀኝ የነበረው ወደ ግራ ይሂድ። ሚዛኑ እውነተኛ ከሆነ አሁንም እኩል ይቆማል። ካዘነበለ ግን ሚዛኑ ውሸታም ነው። ይህን በገዛ እጁ የሞከረ የ6ኛ ክፍል ልጅ ገበያ ላይ ከአባቱ አጠገብ ሲቆም፣ አባቱን ማን በቀላሉ ያታልላል?

ሁለተኛው ሥራ ሙከራ ነው። ልጁ ግማሽ ኪሎ ቀይ እሸት ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ አሳስቶ ያስጣ። ሌላ ግማሽ ኪሎ በዚያው አልጋ ላይ አወፍሮ ይከምር። ፀሐዩ አንድ ይሁን፤ ቡናው የተለቀመበት ቀን አንድ ይሁን፤ የሚገላበጥበት ሰዓትም አንድ ይሁን። የሚለየው ውፍረቱ ብቻ ነው። ለምን? ሁለት ነገር አብሮ ከተለወጠ ውጤቱን ያመጣው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። የሳይንስ ትልቁ ሕግ ይህ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ለውጥ፣ ሌላውን እኩል አድርግ።

ልጁ በየቀኑ ሁለቱንም ይመዝን፤ ቀኑንና ክብደቱን በደብተሩ ይጻፍ። ክብደቱ ይቀንሳል። ምን ሄደ? ውሃው ሄደ። ወዴት ሄደ? እንደማይታይ እንፋሎት ሆኖ ወደ አየር ገባ። የትኛው ቶሎ ደረቀ? የትኛው ሻገተ? መልሱን ከደብተሩ ያንብብላችሁ። በደንብ የደረቀ የቡና ፍሬ ከ100 እጅ 11 ወይም 12 እጅ ያህል ብቻ ውሃ ይይዛል። እርጥብ ሆኖ ጎተራ የገባ ቡና ይሻግታል፤ የዓመት ድካም ዋጋ ያጣል።

«ይህ የልጅ ጨዋታ ነው» የሚል ይኖር ይሆናል። ትልልቆቹም ሳይንቲስቶች የሚሠሩት እንዲሁ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1971 በአገራችን አረንጓዴውን የቡና ፍሬ የሚያጠቁር በሽታ ታየ። ፍሬው እየጠቆረ ረገፈ። በጅማ አጠገብ፣ በመልኮ፣ የሚሠሩ ተመራማሪዎች አንድ ነገር ጠየቁ። «ሌላው ሲታመም ያልታመመ ዛፍ አለ ወይ?» ብለው ፈለጉ። አገኙም። ከእነዚያ ዛፎች ዘር ወሰዱ፤ አበቀሉ፤ በሽታውን ሆን ብለው እያስያዙ ፈተኗቸው፤ ውጤቱን መዘገቡ። የጸኑትን መርጠው ለገበሬ ሰጡ። 74110 የተባለውን የቡና ዝርያ ሰምታችኋል? መጀመሪያ ላይ ያለው 74፣ ዛፉ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1974 መመረጡን ያመለክታል። መጠየቅ፣ መፈተን፣ መጻፍ፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በአካባቢያችን አለ። በቴፒ ግቢው ምህንድስና ይሰጣል። የእኛ ልጆች እዚያ እንዲገቡ እንፈልጋለን። መንገዱ ግን የሚጀምረው በ12ኛ ክፍል አይደለም። በ5ኛ ክፍል፣ በዚያች በእንጨት ሚዛን ይጀምራል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ።

አንደኛ፣ በለቀማ ጊዜ ልጆችን ከትምህርት አታስቀሩ። ከትምህርት በኋላ ያግዟችሁ። በተለይ ሴቶች ልጆችን አስቡ። ቤት የምትቀረው ብዙ ጊዜ ሴቷ ናት።

ሁለተኛ፣ ልጅ ሲጠይቅ «ዝም በል» አትበሉ። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? መልሱን ባታውቁት «አብረን እንሞክረው» በሉ። እናንተም የምታስተምሩት አላችሁ። ቆጮ በቆላና በደጋ ለመብሰል እኩል ቀን ይፈጅበታልን? ይህን እናቱን ይጠይቅ፤ ቀኑንም ይቁጠር።

ሦስተኛ፣ የልጃችሁን ደብተር አንብቡ። እናንተ ዛሬ ፊደል ለይታችኋል፤ ቁጥርም ታነባላችሁ። ልጁ የጻፈውን ክብደት ጮክ ብላችሁ አንብቡና «ትናንት ስንት ነበር? ዛሬ ለምን ቀነሰ?» ብላችሁ ጠይቁት። ልጁ ሥራው ዋጋ እንዳለው የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው።

ከነገ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ኪሎ ቀይ ቡና ስጡት። ከሽያጩ ብትቀነስ የምትጎዳ አይደለችም።