ሄርሞን፣ አልፕስና ሮቤል

አቅራቢት፦ ክረምት ገባ፤ የሰፈራችን ወጣቶች «ሄርሞን ተራራ እንውጣ» ማለት ጀምረዋል። እዚህ እስራኤል፣ ጊቫት ኦልጋ ባሕሩ ደጃችን ላይ ተኝቶ፣ በረዶ ለመርገጥ ገንዘብ ይከፈላል!

አቅራቢ፦ ሄርሞንማ ምን አላት እህቴ! ባለጸጋው በረዶ ላይ ለመንሸራተት፣ ለስኪ፣ ስዊዘርላንድ አልፕስ ድረስ፣ ዜርማት፣ ሴንት ሞሪትዝ ነው የሚሄደው። ሆቴሉ፣ የጫማው ኪራይ፣ አስተማሪው፣ ሽቅብ የሚያወጣው የኬብል ወንበር፣ ሁሉም ለብቻው ይከፈልበታል።

አቅራቢት፦ እንግዲህ ስኪ ለእኛ አልተፈጠረም በላ።

አቅራቢ፦ ሮቤል ተክለማርያምስ? አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገ። እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሪኖ ላይ ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ በክረምት ኦሊምፒክ ወከለ፤ ብቻውን! የ15 ኪሎ ሜትሩን የአገር አቋራጭ ስኪ ውድድር በጣሊያን አልፕስ፣ ፕራጄላቶ ላይ 83ኛ ሆኖ ጨረሰ።

አቅራቢት፦ 83ኛ? አበበ ቢቂላን ያየ ሕዝብ እንዴት ይቀበለዋል?

አቅራቢ፦ ከኋላው የቀሩም አሉ እኮ! ደግሞ የእሱ ስኪ ቁልቁል መንሸራተት ብቻ አይደለም፤ ዳገቱን በክንድና በጉልበት እየገፉ መውጣት ነው። ሳንባ ይጠይቃል፤ ለሯጭ አገር ሰው ይስማማል ባይ ነኝ። አዲስ አበባ በረዶ ስለሌለ ጎማ ባለው ስኪ አስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር። በ2010ም ቫንኩቨር ተወዳደረ።

አቅራቢት፦ የስሜን እናቶቻችን ግን በረዶን የሚያውቁት ሰብል ሲያጠፋ ነው። ይከፈልበታል ብትላቸው ያማትቡብሃል… ይቅርታ፣ እኛ ቤተ እስራኤል ዘንድ አይማተብም!

አቅራቢ፦ (እየሳቀ) ለማንኛውም ሄርሞን የምትወጡ ከመነሳታችሁ በፊት መከፈቱን ጠይቁ፤ በማዕበል ቀን ይዘጋል።