ተራራውን በማን ዓይን አየነው?

(ከሐይቅና አምባሰል ጉዞ በኋላ በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ማኅበራችን ባዘጋጀው የሐይቅና የአምባሰል የአንድ ቀን ጉዞ ያየሁትን እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። የሐይቁን ስፋትና የገዳሙን ዕድሜ ተናግሬ፣ መንገዱም መልካም እንደ ነበረ መስክሬ፣ አመስግኜ ለመቀመጥ አስቤ ነበር። ዳሩ ግን ለመጻፍ ብዕር ባነሣሁ ጊዜ፣ ከሁሉ ይልቅ በልቤ የቀረው ሐይቁም ተራራውም ሳይሆን፣ አንድ አዛውንት የጠየቁኝ አጭር ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ ዛሬ የምነግራችሁ እዚያ ጥያቄ ላይ እንዴት እንደ ደረስሁ ነው። በመካከሉ የራሴንም የእናንተንም ጥፋት ብናገር እንደማትቀየሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

የሄድነው ሠላሳ ሁለት ተማሪዎችና ሁለት መምህራን ነበርን። ጊዜው ኅዳር ነው፤ ማሽላው ራሱን ደፍቶ የቀላበት፣ ጤፉም ለአጨዳ የደረሰበት ወቅት። ቅዳሜ ማለዳ ከደሴ ተነሥተን የሰሜኑን መንገድ ስንይዝ፣ አውቶቡሱ ገና ከከተማው ሳይወጣ ዘፈን ተጀመረ። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፣ ሁለቱ በወሎ ቦታዎች ስም የሚጠሩ መሆናቸውን አንዱ መምህራችን ቢያስታውሱን፣ «እንግዲያስ ዛሬ የምንሄደው ወደ ዘፈኑ ቤት ነው» አለ ከኋላ የተቀመጠ ጓደኛችን። አንዲት እኅታችን ደግሞ በደቡብ አሜሪካ፣ በፔሩ ሀገር፣ በአንዲስ ተራሮች ላይ የሚገኘውን ቪኒኩንካ የተባለ ተራራ ፎቶግራፍ በእጅ ስልኳ አሳየችን። ተራራው ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ሆኖ እንደ መቀነት ጥለት የተሸነሸነ ነው። ሁላችንም እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ ይዘን ለመመለስ ተመኘን። ይህን ምኞት ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ሐይቅ ከተማ ደረስን። ሐይቁ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት፣ ከ80 ሜትር የሚበልጥ ጥልቀት አለው። ውሃ ይገባበታል እንጂ ከእርሱ በምድር ላይ የሚወጣ ወንዝ የለም። ወንዶቹ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ወዳስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ደቀ መዝሙር ሆነው ወደ ተማሩበት ወደ እስጢፋኖስ ገዳም ገቡ። በገዳሙ ሥርዓት ሴት ስለማትገባ እኛ ከውጭ ቀረን።

መቅረታችን ግን በከንቱ አልነበረም። በውሃው ዳር ልብስ ታጥብ የነበረች አንዲት ወይዘሮ፣ ሐይቁ እንዴት እንደ ተፈጠረ በአካባቢው ሰው ዘንድ የሚነገረውን አጫወተችን። ቀድሞ ይህ ሁሉ ደረቅ ምድር ነበር አሉ። አንዲት ልዕልት አንዲትን ነፍሰ ጡር በደለች። እግዚአብሔርም ስለ ግፉ ተቆጥቶ ምድሩን ውሃ አደረገው፤ ልዕልቲቱም ከነዘመዶቿ ሰጠመች። የዳነው ተበዳይዋ የተቀመጠችበት ቁራሽ መሬት ብቻ ነው፤ እርሱም ዛሬ ገዳሙ ያለበት ሥፍራ ሆነ። ወይዘሮዋ ይህን ተናግራ ስታበቃ፣ «እንግዲህ ገዳሙ የቆመው በአንዲት ሴት መቀመጫ ላይ ነው፤ አብሽሩ» ብላ ሳቀችብን። ወንዶቹ ስለ ጥንቱ የብራና ወንጌል እያወሩ ሲመለሱ፣ እኛም በበኩላችን የምናወራው አላጣንም።

ከዚያ ወደ ውጫሌ አለፍን። በዚያም ወደ ተራራው የሚመራንን ወጣት አገኘን። የአምባሰል ልጅ ነው፤ ዕድሜው ከእኛ ብዙም አይርቅ። ለቀኑ ድካሙ 1,600 ብር ጠየቀ። እኛም እንደ ገበያ ሰው ተከራከርን። «ተማሪዎች እኮ ነን» አልን፤ «ሌላ መሪ እንፈልጋለን» አልን፤ በመጨረሻም 800 ብር ላይ አወረድነው። «ይሁን፤ እንግዶች ናችሁ» ብሎ በትሩን አነሣ። ድል እንዳደረገ ሰው ደስ አለን። ሂሳቡን በኋላ ስሠራው፣ ለእያንዳንዳችን የተረፈልን 25 ብር ሆኖ አገኘሁት። 25 ብር ዛሬ ምን እንደሚገዛ ታውቃላችሁ።

መሪያችን በቅድሚያ የወሰደን ወደ ይስማ ንጉሥ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል የተፈረመበት ሥፍራ ነው። ታሪኩን ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረነዋል። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አማካይነት ለመጠቀም እንደሚችሉ ሲናገር፣ በኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገባቸው። አንዱ «ይችላሉ» ሲል ሌላው «ይገባቸዋል» አለ፤ የዚያም ነገር መጨረሻ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ በደም ተቋጨ። መሪያችን ይህን ሲነግረን እንደኛ ከመጽሐፍ ጠቅሶ አልነበረም። «አንድ ወረቀት ነው፤ ሁለት ሰው አነበበው» አለ፤ ይኸው ነው። በዚያን ሰዓት አባባሉን እንደ ቀልድ ሰማነው።

ከዚያ ሽቅብ መውጣት ጀመርን። ተራራው በእውነት ያምራል። ገደሉ እንደ ደረጃ የተደራረበ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ በደረጃውና በደረጃው መካከል ደግሞ ቀይ መስመር ይታያል። መምህራችን እንዳስረዱን፣ ጥቁሩ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ቀዩ መስመር ደግሞ በአንዱ ፍሰትና በሌላው መካከል በነበረው ረጅም ዕረፍት የተፈጠረ አፈር ሆኖ፣ ከላዩ በፈሰሰው እሳት የተጠበሰ ነው። ከገደሉ በታች የማሽላው ቅላት፣ የጤፉ ብጫ፣ የእርከኑም ግራጫ ድንጋይ በየተራ ተዘርግቷል። ስልኮቻችን ሥራ አልፈቱም።

መሪያችን ግን ቀጥታ ባለመሄድ አስቸገረን። መንደሩ ከፊታችን እየታየ፣ እርሱ በማሳዎቹ ዳር ዳር ያዞረናል። አምስት የሚሆኑ ወንድሞቻችን ታክቷቸው ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው እየዘለሉ አቋረጡ፤ ሲዘሉም የእርከኑን ድንጋይ በሦስት ቦታ ናዱት። መሪያችን አየና ዝም አለ።

እኔ በዚያን ጊዜ ሌላ ነገር ላይ ነበርሁ። ከመንገዱ በስተ ግራ አንድ ትልቅ ሸለቆ ተገምሶ፣ ግድግዳው ደማቅ ቀይ ሆኖ በፀሐይ ያበራል። በአፋፉ ላይ አንድ አዛውንት ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ከፔሩው ፎቶግራፍ የማያንስ ነገር አገኘሁ ብዬ ስልኬን አንሥቼ ወሰድሁ፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን አራት ጊዜ። መሪያችን ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ ሌላው እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሰላም አላልሻቸውም እኮ እኅቴ» አለኝ።

አፍሬ ሄጄ እጅ ነሣሁ። አዛውንቱም ሰላምታዬን በምርቃት ከተቀበሉ በኋላ፣ «ምን ታየሽ ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ። የማልዋሽ ሆኜ፣ «ቀለሙ ያምራል አባቴ» አልሁ። እርሳቸውም ወደ ቀዩ ሸለቆ ተመልክተው፣ «እሱ ማሳዬ ነበር» አሉ።

ቁጣ አልነበረባቸውም። ሜዳ እንደ ነበረ፣ አባታቸው እንዳረሱበት፣ መጀመሪያ አንድ በሬ ዘሎ የሚያልፈው ስንጥቅ እንደ ሆነ፣ ከዚያም በየክረምቱ እየሰፋ ወደ ቤታቸው አቅጣጫ እንደሚመጣ አስረዱኝ። እርከኑ ባይኖር ኖሮ የቀረውም ማሳ እስካሁን እንደማይቆይ ነገሩኝ። ይህን እየተናገሩ ጎንበስ አሉና፣ ወንድሞቻችን የናዱትን ድንጋይ አንድ በአንድ እየመረጡ መልሰው መካብ ጀመሩ። ማን እንደ ናደው አልጠየቁም። ያን ጊዜ ከአምስቱ አንዱ መጣ፤ ከዚያ ሁለተኛው መጣ። ድንጋዩን ማቀበል እንጂ መካብ እንደማያውቁ ባዩ ጊዜ፣ አዛውንቱ እንደ ልጅ አስተማሯቸው፤ ሰፊው ፊት ከታች፣ ቁልቁለቱን ተደግፎ፣ በመካከሉ ጠጠር።

ሥራው ሲያልቅ ቡና ሳትጠጡ አትሄዱም ተባልን። ከቤታቸው ፊት ካለው ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ባለቤታቸው ጥንቅሽ እየቆረጡ አደሉን፤ የማሽላ እሸት ጠበሱልን። ስኒው ስድስት ብቻ ስለ ነበረ በተራ ጠጣን፤ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካውም በዱአ ተፈጸመ። እኔ ስኒ ለማጠብ ገብቼ ሳለሁ፣ መሪያችን ለእናትየዋ ሁለት መቶ ብር ሲሰጥ አየሁት። «የእንግዳ ቡና ይሸጣል እንዴ?» ብለው እንቢ ቢሉት፣ «ለስኳሩ ነው እማ» ብሎ ከረከቦቱ ሥር አኖረው። እኛ ካወረድንበት ከስምንት መቶው ነው ያወጣው።

ክቡራን መምህራን፤ ጓደኞቼ፤

እንግዲህ በመንገድ ላይ ቀልድ መስሎን የነበረው የመሪያችን ነገር፣ አንድ ወረቀት ሁለት ሰው ማንበቡ፣ ያን ቀን በእኛ ላይ ደረሰ። እኛ ቀለም ብለን ያነበብነውን አዛውንቱ ማሳ ብለው ያነቡታል። እኛ መዞር ብለን ያነበብነውን መሪያችን እርከን ብሎ ያነበዋል። እኛ ቅናሽ ያልነውን ደግሞ እርሱ ከኪሱ ከፈለው። በተራራው ላይ የሚኖረውን ሰው ንባብ ሳይሰሙ ተራራውን አየሁ ማለት፣ የውሉን አንድ ቅጂ ብቻ ይዞ እንደ መከራከር ነው።

ከተመለስሁ በኋላ ስለ ፔሩው ተራራ ፈልጌ አነበብሁ። ከ5,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ያ ተራራ በጎብኚ ዘንድ የታወቀው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2010ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው። ኑሮ ፍለጋ ርቀው የነበሩ የመንደሩ ሰዎች ተመልሰው ጎብኚውን በፈረስ እየወሰዱ እንጀራ አገኙበት፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን የእግሩ ብዛት መንገዱን ሸረሸረው፤ ዳክዬዎች ያርፉበት የነበረ ረግረግም የመኪና ማቆሚያ ሆነ። ስለዚህ ጉብኝት በራሱ ክፉም ደግም አይደለም፤ ጎብኚው በሚከፍለውና በሚረግጠው ይለያል።

ፎቶግራፍ ማንሣትም ኃጢአት ነው አልልም። በ1965 ዓ.ም. የዩኒቨርስቲ መምህራን ከዚሁ ከወሎ ይዘውት የተመለሱት ፎቶግራፍ፣ ተሰውሮ የነበረውን ረኃብ ለተማሪዎች አሳይቷል። ያ ፎቶግራፍ ስለ ሰዎቹ ተናገረ። የእኔው ግን ሰውየውን ለቀለሙ ማስጌጫ አደረጋቸው።

እንግዲህ ለማኅበራችን ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ከእንግዲህ ለሚደረግ ጉዞ የመሪው ዋጋ እንደ አውቶቡሱ ኪራይ ሁሉ አስቀድሞ በበጀት ይያዝ፤ በቦታው ላይ ክርክር አይደረግበት። ለዘንድሮው መሪያችን ያስቀረንበትን 800 ብር ደግሞ፣ እያንዳንዳችን 25 ብር አዋጥተን እንላክለት፤ የእኔ ይኸው በጠረጴዛው ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ሰላምታ ሳይቀድም ፎቶግራፍ አይነሣ፤ የተነሣውም ታትሞ ለባለቤቱ ይመለስ። ሦስተኛ፣ የአካባቢው ሕዝብ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ፣ በጥርና በየካቲት፣ ለአፈር ጥበቃ በጋራ ይወጣል። የሚቀጥለው ጉዞአችን በዚያን ጊዜ ይሁን፤ አካፋና ዶማ ይዘን እንሂድ። ይህንንም ውለታ እንደምንውል አድርገን አንቁጠረው። ድንጋይ መካብ የሚያውቁት እርሳቸው ናቸው፤ ተማሪዎቹ እኛ ነን።

ከአራቱ ፎቶግራፎች ሦስቱን አጥፍቻለሁ። አራተኛውን አሳትሜ ይዤዋለሁ። በጥር ወር ለአዛውንቱ ሳደርስ፣ ሸለቆው እስከ የት እንደ ደረሰ በፎቶግራፉ ላይ በጣታቸው እንዲያሳዩኝ እለምናቸዋለሁ፤ በሚቀጥለው ዓመት አብረን እንድንለካው።