የጽዳት ዋጋ፦ በካሬ ወይስ በሰዓት?

የጽዳት ሥራ ዋጋ ስናወጣ ስሌቱ ከካሬ ሜትር ሳይሆን ከሥራ ሰዓት ሊነሳ ይገባል። ስፋታቸው እኩል የሆነ ሁለት ቢሮዎች፣ አንዱ በየቀኑ የሚጠረግ፣ ሌላው ግንባታው ገና አልቆ ሲሚንቶና ቀለም ወለሉ ላይ የደረቀበት ቢሆን፣ እኩል ጉልበት አይጠይቁም። ስለዚህ ቦታውን በአካል አይቶ ሰዓቱን መገመት ይቀድማል። ከዚያ ለሰዓቱ በሚከፈለው ደመወዝ ላይ አሠሪው የሚከፍለው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ የዓመት ፈቃድ፣ ሳሙናና በረኪና፣ ትራንስፖርትና ትርፍ ይታከላል፤ ለተመዘገበ ድርጅት ደግሞ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ።

«እንዲህ ካሰላን ጨረታው ያመልጠናል» የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ዋጋው ወጪውን ካልሸፈነ ጉድለቱ የሚሞላው ከጽዳት ሠራተኛዋ ደመወዝ ወይም ከሥራው ጥራት ነው። ደንበኛ ዋጋ ቀንሱ ካለ የሥራውን ድግግሞሽ ቀንሱ እንጂ የሠራተኛዋን ክፍያ አትንኩ።