ኬላውና ቁራጩ አጥንት
(በደብረ ታቦር የተደረገ ንግግር)



በአጥንት ነቀርሳ ሕዋስ ላይ ስለሚገኙ ፕሮቲኖች እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ፣ አስቀድሞ በዐይነ ኅሊናዬ የመጣብኝ ቤተ ሙከራ ሳይሆን ጉልበት ነው። ኦስቲኦሳርኮማ የተባለው የአጥንት ነቀርሳ በብዛት የሚነሣው አጥንት ፈጥኖ በሚያድግበት በአፍላነት ዕድሜ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የሚታየውም በጉልበት ዙሪያ ነው። እንበልና በላይ ጋይንት የ14 ዓመት እረኛ ጉልበቱ አበጠ። ቤተ ሰቡ «ወድቆ ነው፤ ወለምታ ነው» ቢል ማን ይፈርድበታል? እረኛ ሆኖ ያልወደቀ የለምና። ስለዚህ አስቀድሞ የሚጠራው ወጌሻ ነው። ወጌሻውም እንደ ልማዱ ያሻል፣ ያስራል፤ ልጁ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ወራት ካለፉ በኋላ ይሆናል።

አሁን ከጉልበቱ ወደ ሕዋሱ እንግባ። ቲ ሕዋስ የተባለው ነጭ የደም ሕዋስ የሰውነታችን ዘብ ነው። ነገር ግን ዘብ ያለ ልጓም ቢለቀቅ የገዛ አገሩን ያጠፋልና፣ ተፈጥሮ ኬላ አበጅታለታለች። ከኬላዎቹ አንዱን፣ ፒዲ-1 የተባለውን ተቀባይ፣ ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1992 ገለጹት። አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰን ደግሞ ሲቲኤልኤ-4 የተባለው ሌላ ኬላ በፀረ አካል ሲታገድ የአይጦች ዕጢ እንደሚጠፋ በ1996 አሳዩ። ሁለቱ ሊቃውንት የ2018ን የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል።

ፒዲ-1 የሚቆመው በቲ ሕዋሱ ገጽ ላይ ነው። ነቀርሳው በበኩሉ ፒዲ-ኤል1 የተባለ ፕሮቲን በገጹ ላይ ያወጣል። ሁለቱ ሲገጥሙ፣ በሕዋሱ ውስጥ ያለው የፒዲ-1 ጅራት ኤስኤችፒ-2 የተባለውን ኤንዛይም ይጠራል፤ ኤንዛይሙም ፎስፌት እየነቀለ የማንቂያውን መልእክት ያጠፋዋል። ዘቡ ቆሞ ያያል እንጂ አይተኩስም። እጅግ የሚያስደንቀው ግን፣ ቲ ሕዋሱ ለውጊያ የሚረጨው ኢንተርፌሮን ጋማ ራሱ ነቀርሳው ፒዲ-ኤል1ን እንዲያበዛ የሚያደርገው መሆኑ ነው።

የትኛው ፕሮቲን ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ የሚታወቅበት አንዱ መንገድ ለእርሻ አገር ሰው ለመረዳት አያስቸግርም። ከተጠመዱት በሬዎች አንዱን ቢስቡት ጓደኛው አብሮ እንደሚመጣ፣ አንዱን ፕሮቲን በፀረ አካል ይዘው ከሕዋሱ ጭማቂ ሲያወጡት የተያያዘውም ተከትሎት ይወጣል።

ይህ እውቀት በሌሎች ነቀርሳዎች ላይ ያፈራውን ያህል በአጥንት ነቀርሳ ላይ አላፈራም። ፒዲ-1ን የሚያግደው ፔምብሮሊዙማብ ለ22 የኦስቲኦሳርኮማ ሕሙማን ተሰጥቶ፣ በ2017 በታተመው ውጤት ዕጢው በሚገባ የቀነሰው በአንዱ ብቻ ነበር። ስለዚህ ተመራማሪዎች ሌሎች ኬላዎችን ይፈትሻሉ፤ ለምሳሌ በብዙ የኦስቲኦሳርኮማ ሕዋሳት ላይ በርክቶ የሚታየውን ቢ7-ኤች3ን፣ ወይም ዋጭ ሕዋሳትን «አትብላኝ» የሚለውን ሲዲ47ን። ፍተሻውም በአብዛኛው የሚካሄደው በቤተ ሙከራ በሚራቡ ሕዋሳት ነው። ስመ ጥሩው ዩ2ኦኤስ በ1964 ከአንዲት የ15 ዓመት ልጅ፣ ሳኦስ-2 ደግሞ በ1973 ከአንዲት የ11 ዓመት ልጅ የተገኙ ናቸው። ሁለቱም የሀገራችን ልጆች አልነበሩም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር ይገባኛል። ያ እረኛ ዛሬ የሚያስፈልገው የኬላ መድኃኒት አይደለም፤ ቶሎ መታወቅ፣ ኬሞቴራፒና ቀዶ ሕክምና ነው። በቀዶ ሕክምና ብቻ በሚታከምበት ዘመን ከአምስት አንዱ እንኳ ለመዳን ይቸገር ነበር፤ ኬሞቴራፒ ሲታከልበት ግን፣ በሽታው ሳይሠራጭ ከተገኘባቸው መካከል ከሦስት ሁለቱ ያህል ይተርፋሉ። ስለ ኬላው የምንመራመረው ስለ ቀሪው አንድ ሦስተኛና ነቀርሳው ሳንባቸው ስለ ደረሰባቸው ነው፤ ለእነርሱ ሕክምናው ከ40 ዓመት ወዲህ እምብዛም አልተሻሻለምና።

ምርምሩ ታዲያ ከእኛ እጅ የሚጀምርበት ቦታ አለ፤ እርሱም ለምርመራ የሚቆረጠው አጥንት ነው። አጥንት በስለት ስስ ሆኖ እንዲከተፍ አስቀድሞ ካልሲየሙ መሟሟት አለበት። ናይትሪክ አሲድ ይህን ፈጥኖ ይሠራል፤ ነገር ግን ልናየው የፈለግነውን ፕሮቲን አብሮ ያበላሻል። ኢዲቲኤ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል፤ ፕሮቲኑን ግን በተሻለ ይጠብቃል። ከሁሉ የሚሻለው፣ ለስላሳውን የዕጢ ክፍል ከአጥንቱ ለይቶ አሲድ ሳያስነኩ በፎርማሊን ማኖር ነው። ይህ ብልሃት የሚጠይቀው አንድ ተጨማሪ ጠርሙስ ብቻ ነው።

ርቀቱን በምክንያትነት የሚያነሣ ይኖራል። በጋፋት፣ በዚሁ በአጠገባችን፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራተኞች ያበጁት ሴባስቶፖል ከ1867 እስከ 1868 ወደ መቅደላ ሲጎተት ወራት ፈጅቷል፤ በፓራፊን የታሸገ ቁራጭ ግን በኪስ ይጓዛል፤ ልጁ እዚሁ እናቱ ዘንድ ሳለ ናሙናው ብቻውን አዲስ አበባ ይደርሳል።

ወጌሻዎቻችንንም ከመውቀስ እናነጋግራቸው። ሌሊት የሚጠዘጥዝ ሕመም፣ ከቀን ወደ ቀን የሚጨምር እብጠት ያለበትን ልጅ እንዳያሹት፣ ይልቁንም ወዲያው እንዲልኩት እንንገራቸው። ልጁ ሲመጣም ናሙናውን የሚወስደው፣ ከተቻለ፣ ኋላ ቀዶ ሕክምናውን የሚያደርገው ሐኪም ይሁን፤ የመርፌው ወይም የስለቱ መንገድ ኋላ ከዕጢው ጋር ተቆርጦ መውጣት አለበትና። በሁለቱም ጠርሙሶች ላይ የልጁ ዕድሜ፣ የአጥንቱ ስም፣ ናሙናው የተወሰደበት ቀንና ሰዓት ይጻፍ፤ ኬሞቴራፒ አስቀድሞ ጀምሮ እንደ ሆነም ይታከልበት።