የኢስፋሃኑ የሻህ መስጊድ፦ የንጉሥ ፈቃድና ወሰኑ



ስለ ነገሥታት ሕንፃዎች ስንናገር የሚቀናን የነገሥታቱን ኃይል መዘርዘር ነው። እኔ ዛሬ የኃይሉን ወሰን ላሳያችሁ እወዳለሁ። ምስክሬ በኢራን፣ በኢስፋሃን ከተማ የሚገኘው የሻህ መስጊድ ነው። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የሳፋቪድ ንጉሥ ቀዳማዊ ሻህ አባስ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ መናገሻውን ወደ ኢስፋሃን አዛወረ። በዚያም 560 ሜትር ያህል ርዝመትና 160 ሜትር ያህል ስፋት ያለው አደባባይ አስገነባ። በምዕራቡ የአሊ ቃፑ ቤተ መንግሥት፣ በምሥራቁ የሼኽ ሉጥፉላህ መስጊድ፣ በሰሜኑ የገበያው መግቢያ ይገኛሉ። በደቡቡ በ1611 የተጀመረው የሻህ መስጊድ ቆሟል።

የመጀመሪያው ወሰን አቅጣጫ ነው። አደባባዩ የተዘረጋው ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲሆን፣ ቂብላ ግን ከኢስፋሃን ወደ ደቡብ ምዕራብ ነው። ንጉሥ አደባባይን እንደ ወደደ ይዘረጋል፤ ቂብላን ግን አያዞርም። ስለዚህ የሕንፃው ጠበብት ደጃፉን ከአደባባዩ ጋር አስተካክለው አቆሙት፤ ከበስተኋላው ያለውን መስጊድ ግን 45 ዲግሪ ያህል አዞሩት። ገቢው በመግቢያው አዳራሽ ሲያልፍ አቅጣጫውን ይለውጣል፤ ከዚያም አራት ኢዋኖች፣ ማለትም በአንድ ወገናቸው ክፍት የሆኑ ባለ ቅስት አዳራሾች፣ ወደሚመለከቱት ግቢ ይደርሳል።

ከዚህ ግዴታ ትርፍ ተገኝቷል። ጉልላቱ በቀጥታ ከደጃፉ ጀርባ ቢሆን ኖሮ፣ 27 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ደጃፍ በጋረደው ነበር። ሕንፃው በመዞሩ ግን በአደባባዩ የቆመ ሰው ሁለቱንም ያያል። ጉልላቱ ራሱ ድርብ ነው፦ 52 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የውጭው ለከተማው ይታያል፤ የውስጡ 14 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሰጋጁን ቦታ ይሸፍናል።

ሁለተኛው ወሰን ጊዜ ነው። ደጃፉ ያጌጠው በቆየው የሸክላ ሞዛይክ ጥበብ ነው። በዚህ ጥበብ እያንዳንዱ ቀለም በሚስማማው ሙቀት ለብቻው ይተኮሳል፤ ከዚያ ሸክላው በጥንቃቄ ተቆርጦ ይገጣጠማል። ቀለሙ ጥልቅ ነው፤ ሥራው ግን እጅግ አዝጋሚ ነው። በዚሁ ደጃፍ ላይ የሚታየውን ታላቅ ጽሑፍ የቁም ጽሕፈት ሊቁ አሊ ሬዛ አባሲ በ1616 ጽፎታል። ወደ ውስጥ ስንዘልቅ ግን አብዛኛው ግድግዳ በሌላ ዘዴ ተሸፍኗል፤ ስሙም «ሃፍት ራንጊ»፣ ማለትም «ሰባት ቀለም» ነው። በአንድ ሸክላ ላይ ብዙ ቀለማት ተቀብተው በአንድ ጊዜ ይተኮሳሉ። አንድ ሙቀት ለሁሉም ቀለም እኩል ስለማይስማማ ድምቀታቸው ይቀንሳል፤ ሥራው ግን ይፋጠናል፣ ወጪውም ይቀላል። ሻህ አባስ በ1629 ሲሞት ሥራው ገና ሙሉ በሙሉ አልተጠናቀቀም ነበር።

አንዳንዶች ይህን የጥበብ ማሽቆልቆል ይሉታል። እኔ ፍርዱን ከባድ አድርጌ አየዋለሁ። ብሩሽ የጨበጠ ባለሙያ ሐረግና አበባን ሰፊ ግድግዳ ላይ ያለ ብዙ መቁረጥ ሊያፈስ ይችላል፤ ያን ያህል ስፋት በሞዛይክ መሸፈን የብዙ ዓመታት ድካም ይጠይቅ ነበር። ዘዴው የታጣውንም የተገኘውንም በአንድነት ይዟል።

ይህ ንባብ ለጥገና ባለሙያም ጥያቄ ያቀርባል። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተደረጉ ጥገናዎች ብዙ ሸክላዎች በአዲስ ተተክተዋል። የደበዘዘውን የሰባት ቀለም ሸክላ ከሞዛይኩ ጋር እናስተካክል ብሎ ማድመቅ፣ ዓይንን ቢያስደስትም የሕንፃውን ምስክርነት ይሰርዛል። የሁለቱ ዘዴዎች ልዩነት የዚያ ጥድፊያ ሰነድ ነውና።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ በታላቅ ሕንፃ ፊት ስትቆሙ «ማን አሠራው?» ከሚለው ጋር «ያሠራው ሰው ምን ማድረግ አልቻለም?» ብላችሁም ጠይቁ። መልሱ ብዙ ጊዜ በመታጠፊያውና በቀለሙ ላይ ተጽፎ ይገኛል።