ስለ ደብራችን ጅረት ጤንነት
(በደብራችን የኀምሳኛ ዓመት የኢዮቤልዩ በዓል የተደረገ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በዚህ በታላቅ በዓል ቀን ስለ ሕንፃው ማማርና ስለ መሥራቾቹ ትጋት የሚናገሩ ሌሎች አሉና፥ እኔ ከቅጥራችን ሥር ስለምትወርደው ታናሽ ጅረት ጥቂት ቃል እናገር ዘንድ ፈቃዳችሁ ይሁን። ይህች ጅረት ከእንጦጦ ተራራ ወርዳ ወደ ቀበና ትገባለች፤ ቀበናም ወደ አቃቂ፥ አቃቂም በአባ ሳሙኤል ግድብ አልፎ ወደ አዋሽ ይሄዳል። አዋሽ ደግሞ ከባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር በአቤ ሐይቅ ይቀራል። እንግዲህ እኛ ከዚህ የምንጥለው እድፍ ሁሉ በመንገዱ ላይ አትክልት የሚያጠጣው ገበሬና ከብቱን የሚያጠጣው አርብቶ አደር ዘንድ የሚደርስ ነው።

የጅረት ጤንነት በምን ይታወቃል? ሰው ሁሉ በዓይኑ ይፈርዳል፤ ኩል የመሰለውን ውሃ ጤነኛ፥ የደፈረሰውን በሽተኛ ይለዋል። ነገር ግን በክረምት ጎርፍ የደፈረሰ ውሃ ሁሉ በሽተኛ እንዳይደለ፥ ጥሩ ሆኖ የሚታየውም ሁሉ ጤነኛ አይደለም። በጠርሙስ ቀድቶ መመርመርም መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ጠዋት የተቀዳው ውሃ የሚመሰክረው ስለዚያች ሰዓት ብቻ ነው፤ ሌሊት የፈሰሰው እድፍ ሲነጋ አልፎ ሄዷል። በድንጋይ ሥር ለወራት የሚኖሩት ጥቃቅን ፍጥረታት ግን ሌሊቱንም ቀኑንም እዚያው ናቸውና፥ ከእነርሱ የሚሰወር ነገር የለም።

ይህን ነገር ሊቃውንት ከተረዱት ቆይቷል። ኮልክቪትስና ማርሶን የተባሉ ሁለት የጀርመን ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1908 እና በ1909 ዓ.ም. በየትኛው ውሃ የትኛው ዕፅና የትኛው እንስሳ እንደሚኖር በዝርዝር ጽፈዋል። ለአገራችን የደጋ ወንዞችም በ2007 ዓ.ም. ኢትባዮስ የተባለ የነጥብ አሰጣጥ ሥርዓት ታትሞ ወጥቷል፤ በዚህም ሥርዓት እድፍን የማይችለው ወገን ከፍ ያለ ነጥብ፥ የሚችለው ግን ዝቅ ያለ ነጥብ ይሰጠዋል።

እኛም ባለፈው ጥር፥ ጎርፉ ካለፈ ከብዙ ጊዜ በኋላ፥ ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ጋር ወረድን። ጥልቀታቸውና ድንጋያቸው የተመሳሰለ ሁለት ስፍራዎችን፥ አንዱን ከቅጥራችን በላይ፥ አንዱን ከቅጥራችን በታች መረጥን። ድንጋዩን በውሃው ውስጥ እያገላበጥን፥ ከሥሩ የሚነሣውን ሁሉ ወደ ታች በተዘረጋ ወንፊት ተቀብለን በነጭ ሳህን ላይ ገለበጥነው። በሁለቱም ስፍራ የደከምንበት ጊዜ እኩል ነበር፤ ያለዚያ ማወዳደሩ ከንቱ ነውና።

በላይኛው ስፍራ፥ በወይራና በጥድ ጥላ ሥር፥ ሦስት ቀጫጭን ጭራ ያላቸው፥ በሆዳቸው ግራና ቀኝ እንደ ላባ በሚርገበገብ አካል የሚተነፍሱ ፍጥረታት አገኘን። ከአሸዋና ከእንጨት ስባሪ ለራሱ ቤት የሚሠራ ትልም ነበረ። እነዚህ በውሃው ውስጥ ብዙ ኦክሲጅን ካላገኙ የማይኖሩ ናቸው።

በታችኛው ስፍራ ግን እነዚያ አንድም አልታዩም። ድንጋዩ ግራጫ ልጋግ ለብሷል፤ በሳህኑ ላይ የቀረው አልቅትና ደም የመሰለ ቀይ ትል ነው። ይህ ትል ቀይ የሆነው በሰውነቱ ውስጥ እንደ እኛ ደም ኦክሲጅንን የሚይዝ ነገር ስላለው ነው፤ ስለዚህ ሌላው በሚታፈንበት ስፍራ እርሱ ይኖራል። እድፍ በውሃ ውስጥ ሲበሰብስ ኦክሲጅኑን ይበላዋልና። ይልቁንም በእኛ ደጋ አየሩ ስስ ስለ ሆነ፥ ውሃው የሚይዘው ኦክሲጅን በእኩል ሙቀት ካለው ከባሕር ጠረፍ ውሃ በሩብ ያህል ያንሳል።

አባቶቼ፥ ቀጥሎ ያለውን ለመናገር አፍሬ ነበር። እኛ ሁልጊዜ፥ «ጅረቱን ያበላሹት ከላይ የሰፈሩት ናቸው» እንል ነበር። ነገር ግን በእነዚህ በሁለቱ ስፍራዎች መካከል የሌላ ሰው ቤት የለም፤ ያለው ከሰንበቴው ቤት የድስትና የሳሙና እጣቢ፥ ከመጸዳጃ ቤቱም የሞላው ፍሳሽ የሚወርድበት የእኛው ቦይ ብቻ ነው። በየዓመቱ በከተራ ታቦቱን አጅበን ይህን ጅረት ስንሻገር፥ የምንሻገረው የገዛ እድፋችንን ኖሯል።

አንድ ነገር ደግሞ ላስጠንቅቅ። የላይኛው ውሃ በፍጥረታቱ ጤነኛ ቢባልም፥ የተስቦን ዓይነት በሽታ የሚያመጡ ተሕዋስያን እንደሌሉበት ይህ ምርመራ አይመሰክርምና፥ ሳይፈላ አይጠጣ።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። ለኢዮቤልዩው ከተሰበሰበው ገንዘብ ጥቂቱ፥ ከደጀ ሰላሙ አዲስ ቀለም አስቀድሞ፥ ከጅረቱ የራቀና በሚገባ የተገነባ የፍሳሽ ጉድጓድ ለመሥራት ይዋል፤ ቦዩም ይዘጋ። በታችኛው ዳርቻም አገር በቀል ዛፍ ይተከል። ወጣቶቹ በየዓመቱ በጥር በእነዚያው በሁለት ስፍራዎች ድንጋይ ያገላብጡ፤ የታየውም በደብሩ መዝገብ ይጻፍ። እድፉ ከቆመ፥ ከላይ ያሉት በውሃው እየተወሰዱ ይወርዳሉ፤ ክንፍ ያበቀሉትም በርረው እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ዘሩ ከቅጥራችን በላይ ገና አልጠፋምና፥ ከእኛ የሚፈለገው መንገዱን መክፈት ብቻ ነው።

ልዑል እግዚአብሔር የሚመጣውን ኢዮቤልዩ የሚያከብሩ ልጆቻችንን በጠራ ውሃ ዳር ያቁምልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።